ሰው የምትፈራ ድመት እንዴት እንደቀረበችን

ይህን የምጽፈው ግቢው ውስጥ ወይም ጣራው ላይ ሰው ስታይ የምትበረግግ ድመት ላለችበት ሰው ነው። እኔ ነገሩን የተማርኩት አበላሽቼው ነው፤ ያበላሸሁትን ለማቃናት ደግሞ ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። ስለዚህ ከስህተቱ ልጀምር።

አመዴ ወደ ግቢያችን የመጣችው በ2014 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ የጭቃ ማድ ቤት አለን፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ተወጥሮበታል። አንድ ጠዋት እንጀራ ልጋግር ገብቼ እሳት ላያይዝ ጎንበስ ስል ከምድጃው ውስጥ አንድ ነገር ተስፈንጥሮ በእግሮቼ መሃል አልፎ ወጣ። ሌሊቱን ሙቀቱ ያልወጣለት አመድ ላይ አድራ ኖሯል። ቀለሟም አመድ ስለሆነ ልጆቼ አመዴ አሏት።

ብዙ ድመት አይቻለሁ፤ እንደሷ የምትፈራ ግን አላየሁም። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል፣ ጭራዋም መሃሉ ላይ ተሰብሮ የገጠመ ይመስላል። በር ሲንኳኳ፣ ባልዲ ሲቀመጥ፣ ሰው ሲያስነጥስ መሬት ላይ ትለጠፋለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጣጥፋለች፤ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። አንድ እርምጃ ወደሷ ከተራመድን አጥሩ ላይ ናት። ጎረቤታችን እማማ «ተያት ልጄ፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም? ይቺ የዱር ናት» አሉኝ። እኔ ግን ማርገዟን አይቼ፣ ክረምቱ ሳይገባ ላላምዳት ቸኮልኩ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሳምባ ቀቅዬ ማድ ቤት አስቀመጥኩላትና ስትገባ በሩን ዘጋሁባት። ይዤ ብዳብሳት እንደማልጎዳት ይገባታል፣ ከዚያ በኋላ ትለምደኛለች ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጋቢ ጣል አድርጌባት ጥግ ላይ አቀፍኳት። ለጥቂት ሰከንድ ፀጥ አለች፤ ተረጋጋች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ እጄን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ነከሰችኝ፣ ግድግዳውን ሽቅብ ሮጣ የጆንያውን ኮርኒስ ቀዳ ገባች። ለ11 ቀን ዓይኗን አላየሁም።

ስለ ንክሻው ሳልናገር አላልፍም። እጄን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብኩ። ብዙ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ ይመስለዋል፤ ድመትም ታስተላልፋለች፣ ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ ክትባቱን ጀመርኩ፣ የቀጠሮዬን ሁሉ ተከታትዬ ጨረስኩ። የነከሰች ድመት 10 ቀን ያህል በዓይን ትጠበቃለች ይባላል፤ ግን እንደኔዋ የጠፋችውን ማን ይጠብቃታል? ክትባቱን ጀምሩ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል። ደግሞ የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ጀርሙን ወደ ውስጥ ይከትና ቀዳዳው ላዩን ቶሎ ይገጥማል። በማግስቱ እጄ አብጦ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት።

የአክስቴ ልጅ ቢሾፍቱ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ነው። እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲያየኝ የሆነውን ነገርኩት። አልሳቀብኝም። «እትዬ፣ አንቺ ያቀፍሻት መስሎሻል፤ እሷ ግን ተይዛለች» አለኝ። ድመት አይጥ አዳኝ ብትሆንም ራሷም ለውሻና ለጅብ ምግብ ናት፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ጅቡ ማታ ማታ ከእንጦጦ ይወርዳል። ከላይ የሚወርድ እጅ፣ መሸሻ የሌለው ክፍል፣ ሰውነቷን የሚጫን ጨርቅ፣ ሦስቱም ለሷ ትርጉማቸው አንድ ነው። ያ መረጋጋት የመሰለኝ ፀጥታ ከፍርሃት የመጣ መድረቅ ነበር። በግድ የተዳበሰች ድመት የምትማረው ነገር ቢኖር ሰው እንደሚይዝ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እስካሁን ለኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ጥያቄ እሱ ነው። «ሰው ጎድቷት ነው የምትፈራው ወይስ ሰው ጭራሽ አታውቅም?» ልዩነቱ ትልቅ ነው። የድመት ግልገል ሰውን እንደ ወዳጅ የምትቀበልበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ከተወለደች ከ2ኛው ሳምንት እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ፣ ድምፅና ሽታ የለመደች፣ በኋላ ብትጎዳም ብትባረርም የሚመለስ ነገር አላት። በዚያ ጊዜ ሰው ያላየች ግን ሰው ለሷ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ አውሬ ሆኖ ይቀራል። ይቺኛዋን ቤት ውስጥ ቆልፎ «ማላመድ» ጭካኔ ነው፤ ምግብ፣ መጠለያና እንዳትወልድ ማድረግ ይበቃታል።

አመዴ የትኛዋ ናት? መልሱን ያገኘሁት ከልጄ ነው። አንድ ማታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ በቀስታ «ውሮ፣ ውሮ» ስትል አጥሩ ላይ ያለችው አመዴ ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዞረች፣ አፏንም ከፈት አደረገች። ድምፅ አልወጣትም። ሰው የማታውቅ ድመት ደግሞ በቀላሉ ምድጃ ውስጥ አትተኛም። አንድ ጊዜ ቤት ነበራት ማለት ነው። ያን ማታ ብዙ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እሷ እንደገና ልታምን በተጠጋችበት ቤት ጋቢ የወረወርኩባት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 5 ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እዚያው ኮርኒስ ውስጥ ወለደች። ሦስት ነበሩ። አልነካናቸውም። በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ሁለቱ በተቀደደው ጆንያ በኩል ከሰል ማዳበሪያው ላይ እየወረዱ መጫወት ጀመሩ፤ ሦስተኛው ግን እናቱን እየተከተለ ይደበቃል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጆቼ ሥራ አገኙ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አንድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሁለቱን መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያጫውቷቸዋል፤ ከዚያ አመዴ ወደምትመጣበት ይመልሷቸዋል። የአክስቴ ልጅ አንድ ሰው ብቻ እንዳይዛቸው አጥብቆ ነገረን፤ ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም ይንካቸው አለ፣ አለበለዚያ አንድ ሰው ብቻ የሚያምኑ ይሆናሉ። እማማ እንኳ ነጠላቸው ላይ አስተኝተዋቸዋል።

በዚህ መሃል ፍልሰታ ገባ። ጾመኛ ቤት ውስጥ የምታጠባ ድመት መመገብ ቀላል አይደለም። ድመት እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ ሽሮና እንጀራ በልታ አትኖርም፤ ዓይኗና ልቧ የሚፈልጉት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሰል ምግብ ብቻ ነው የሚገኝላት። ሳምባውን ሐምሌ ላይ ገዝቼ ቀቅዬ፣ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሬ ፍሪጅ በረዶው ላይ አስቀመጥኩ። የተቀቀለ እንቁላልና ዓሣም ጨመርኩ። የወጥ ትራፊ ግን ለድመት አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ወተትም አዋቂ ድመቶችን ብዙ ጊዜ ያስቀምጣቸዋል፤ ውሃ ይሻላል።

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሆነ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን በራችን ላይ እየደበደቡ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ፣ ከውጭ ጅራፍ ሲጮህ፣ አንዱ ደግሞ ርችት ሲተኩስ፣ አመዴ አብሯት የነበረውን ሦስተኛውን ግልገል በማጅራቱ አንጠልጥላ በዝናብ ሄደች። ሁለቱ የዚያን ሰዓት ሳሎን ከልጆቹ ጋር ነበሩ። ለእነሱ እየተመላለሰች አጠባች፤ ሦስተኛውን ግን አልመለሰችውም። ልጆቹ ሙልሙል ብለው ስም አወጡለት፣ በቡሄ ስለሄደ። ሁለቱ በሦስተኛ ወራቸው ለሁለት ቤተሰብ ተሰጡ፤ አሁን ሰው ጭን ላይ ነው የሚተኙት። በአንድ ቀን ከአንድ እናት ተወልደው የሙልሙል ዕጣ ለምን ሌላ እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አመዴን ግን እንደ አዲስ መጀመር ነበረብኝ። መጀመሪያ መደበቂያ ሰራሁላት። የቴሌቪዥን ካርቶን በሁለት በኩል ቀድጄ፣ ውስጡ አሮጌ ጋቢ አንጥፌ፣ ማድ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀዳዳ ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ለሷ ወጥመድ ነው። ሰው ሁሉ «ከተደበቀች እንዴት ትለምድሻለች?» ይለኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ የድመት መጠለያ የተደረገ ጥናት መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ድመቶች ካልተሰጣቸው ቶሎ መረጋጋታቸውን አሳይቷል። መሸሻ ያላት ድመት ናት ለመቅረብ የምትደፍረው። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ስትሆን ማንም እንዳያያት፣ እንዳይጠራት፣ እጁን እንዳያስገባ ሕግ አወጣን። በሩንም ሁልጊዜ በድንጋይ አስደግፌ ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

ቀጥሎ ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቦታ ሰጠኋት። ሌት ተቀን ምግብ ካስቀመጣችሁላት እናንተ ሳትኖሩ በልታ ትሄዳለች፤ ከምግቡ ጋር የናንተ ሽታና ድምፅ አይያያዝላትም። ሳህኑን አስቀምጬ ወደ በሩ ሄጄ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፣ ፊቴን ሳይሆን ጎኔን ሰጥቻት። መጀመሪያ ላይ ርቀቱ ስምንት ክንድ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ ለኔም ከባድ ስለነበር ሰፌድ ይዤ ምስር እለቅም ጀመር። ይህ ሳላስበው ከሁሉ የሠራልኝ ነገር ሆነ፤ እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኔ ምስሩ ላይ ነው፣ ሰውነቴ ዝቅ ብሏል፣ እሷን የሚፈልግ የለም። አንዴ ብቻ ረስቼ ሳንገዋልል ሾሻታው አስበርግጓት ለሦስት ቀን አልመጣችም። ዕጣን ማጨስም ማድ ቤቱ ውስጥ አቆምን፤ አፍንጫዋ ከኛ በብዙ እጥፍ ስለሚያሸት ጢሱ የሰፈሩን ሽታ ሁሉ ይሸፍንባታል።

በሳምንት አንድ ክንድ ልቀርብ አሰብኩ። አልሆነም። አንዳንዱ ሳምንት አንድ ስንዝር ነው፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ነው። መለኪያዬ አንድ ነበር፤ እኔ ተቀምጬ መብላቷን ካላቆመች ርቀቱ ልክ ነው። ቀና ብላ ካየችኝና መብላቷን ካቋረጠች ቀርቤአለሁ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ዱካውን ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ይህን ጠብቁ እንጂ ቀን አትቁጠሩ።

ዓይን ለዓይን ማየት ለድመት ዛቻ ነው። እያየኋት ከተገኘሁ ዓይኔን ቀስ ብዬ ግማሽ ጨፈን አድርጌ፣ ቆየት ብዬ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ ፊቴን አዞራለሁ። የአክስቴ ልጅ ሲነግረኝ ተረት መስሎኝ ነበር። ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በእንግሊዝ የሰሴክስና የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል። ድመቶቹ ለባለቤቶቻቸው ዓይናቸውን መልሰው ጨፈን ያደርጉ ነበር፤ የማያውቁት ሰው እንኳ እንዲህ ካደረገላቸው በኋላ እጁን ሲዘረጋ፣ ፊቱን ሳይለዋውጥ ከቆየበት ጊዜ ይልቅ ወደሱ ይቀርቡ ነበር። አመዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰችልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ሳህኑን ጨርሳ፣ አፏን ልሳ፣ አየችኝና ዓይኗን ጨፈነች። ምስሩን ሁሉ መሬት ላይ ልደፋው ነበር።

ኅዳር ላይ ሙልሙል ተመለሰ። አራት ወሩ ነው፤ እናቱን ተከትሎ አጥሩ ላይ መጣ፣ ሲያየን «ፍስስ» ብሎ ፀጉሩን አቆመ። ወንድምና እህቱ በሰው አልጋ ሲተኙ እሱ ያቺን ጥቂት ሳምንት ስላጣ ሰው አያውቅም። ቢሆንም ከአመዴ ፈጥኖ ቀረበን፤ በአምስት ወር ከልጄ እጅ ይበላ ነበር። እንደኔ ግምት ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ ሰው አልመታውም። ሁለተኛ እናቱ እኔ ባለሁበት ስትበላ በየቀኑ እያየ ነበር። ሰው የምትፈራ ድመት ካለቻችሁና ሰው የለመደች ሌላ ድመት ካለች፣ የምታስተምራት እሷ ናት።

የመጀመሪያው ንክኪ የእኔ ሳይሆን የአመዴ ውሳኔ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ከጀመርኩት ቆጥሬ 14ኛው ወር ላይ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ መጣች፤ የተሰበረው ጫፍ ብቻ ወደ ጎን ዘመም ብሏል። ጭራ ማቆም በድመት ቋንቋ ሰላምታ ነው። የዱካዬን እግር በጉንጯ አሸችው፣ ከዚያ የነጠላዬን ጥለት። ጉንጯ ላይ የራሷ ሽታ የሚወጣበት ዕጢ ስላለ፣ ያንን ማድረጓ እኔን ከራሷ ነገሮች ጋር መቁጠሯ ነው። አንድ ጣቴን በአፍንጫዋ ልክ ዘርግቼ አቆምኩ። አሸተተች፣ ጉንጯን ገፋችበት። ሦስት ሰከንድ ያህል ጉንጯንና አገጯን ዳበስኳትና እኔው አቆምኩ። ይህን ማቆም እባካችሁ አትርሱት፤ ቀድማችሁ ስታቆሙ ነው ተጨማሪ የምትፈልገው። ሆዷን፣ ጀርባዋን ወደ ጭራዋ በኩል፣ እግሯን አትንኩ። ጭራዋ መወዛወዝ፣ የጀርባዋ ቆዳ መንቀጥቀጥ፣ ጆሮዋ ወደ ጎን መዞር ከጀመረ አበቃ ማለት ነው።

ወደ ኋላ የመለሱን ነገሮች ብዙ ነበሩ። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ግቢው በሰው ሞላ፤ ሁለት ሳምንት ሄደብን። ጣራ የሚያድሱ ሠራተኞች ቆርቆሮውን ሲመቱ ከካርቶኑ አልወጣችም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምግቡን ካርቶኑ ደጃፍ አስቀምጬ እሄዳለሁ እንጂ «ወደኋላ ቀረን» ብዬ አልቸኩልም። አሁን ቡሄ ሲደርስ ገና በጊዜ ማድ ቤቱን እከፍትላታለሁ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ እጋርዳለሁ፣ የሚመጡትን ልጆችም ሙልሙላቸውን ውጭ በር ላይ ወጥቼ እሰጣቸዋለሁ።

እንዳትወልድ የሚያደርገው ቀዶ ጥገና ከሁሉ አስፈርቶኝ ነበር፤ ያገኘሁትን እምነት አጣለሁ ብዬ። ድመት በአራትና በአምስት ወሯ ማርገዝ ስለምትችልና እርግዝናው ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ግን መተው አይቻልም። የሽቦ ሣጥን ተውሼ ለሁለት ሳምንት በሩ ታስሮ ተከፍቶ ውስጡ አበላኋት። በቀጠሮው ቀን በሩን የዘጋው የአክስቴ ልጅ ነው፤ እኔ እንዳልሆን ብሎ። ሣጥኑን ወዲያው በጨርቅ ሸፈነው፤ ጨለማ ሲሆን መታገሏን አቆመች። ስትመለስ አንዲት ዘመዴ በቅንነት «ሕመሙን እንዲያስታግስላት ፓራሲታሞል ስባሪ ስጪያት» አለችኝ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ ስባሪውም ቢሆን። ሐኪም ያላዘዘውን የሰው መድኃኒት እንዳትሰጡ። አመዴ ስድስት ቀን ካርቶኗ ውስጥ ቆየች፣ በሰባተኛው ሳህኗ ጋ መጣች።

የቀረኝ ስጋት የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ ስለሚደክም ለድመት ቀላል ታዳኝ ይሆናል፣ እሷም አብራ ልትሞት ትችላለች። ቤት ለቤት ዞሬ ጎረቤቶቼን ለመንኩ። እማማ መርዙን ጥለው «እንግዲያው አንቺ ድመትሽን ወደኔ ጎተራ ላኪያት» አሉኝ። አመዴ በማታ ትሄዳለች፤ እማማ ለሷ ብለው የጎተራውን በር ገርበብ ያደርጋሉ፣ ውሃም በጣሳ ያስቀምጣሉ። ሲነኳት ግን አያውቁም፣ አይሞክሩምም።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነካትም። ወፍራም ድምፅና ከባድ ጫማ እንደምትፈራ ስለሚያውቅ ወደ ማድ ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ ነው። ለኔም ጉንጯንና አገጯን ብቻ ነው የምትሰጠኝ፤ አቅፌአት አላውቅም። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲበረታ ከእማማ ጎተራ እየሮጠች መጣች፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ ከእግሬ አንድ ስንዝር ላይ፣ ከምድጃው ሙቀት በኩል ተጋደመች። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ ነው የተኛችው። ጉሮሮዋ ውስጥ ያ «ህርር» የሚለው ድምፅ በጣም ቀስ ብሎ ይሰማ ነበር። ብርዱ በገርባባው በር ይገባል፤ ነጠላዬን ደርቤ ተቀመጥኩ፣ ድንጋዩን ግን አላነሳሁትም።